ለወጉ ያህል እምቢ አልኩ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017

ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨምርም፣ አንድ ፊደል አልቀንስም።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ገብሬ። ቀልቤሳ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ሽማግሌዎች እቤት ይመጣሉ። ጉዳዩን ዙዙ ነግራዎታለች ብዬ አስባለሁ። እንዳይቸገሩ ብለን ነው ቀድመን ያሳወቅነው፣ ምንም ዝግጅት አያስፈልግም፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ከተመቸዎት (እዚህ ላይ ቢጫ አውራ ጣት ተስሏል) ይበቃል። መልካም ቀን።»

ይህ በቴሌግራም የደረሰኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ወደ መልካሳ በሚወስደን የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቦሎቄ ዘር ሳሻሽል ከርሜ፣ አንዲት ልጄን የጠየቁኝ እንደዚህ ነው።

ስሜ ገብረወልድ ነው። «ገብሬ» የሚለኝ አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቆጣኝ። «ዙዙ» የምትባል ሰው በቤቴ የለችም። ልጄ ዘመናይ ናት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በ1990፣ የሰው ልጅ ወደፊት እየሄደ ነው ብዬ በማምንበት ጊዜ። ደግሞስ ሚስት የሚፈልግ ሰው ራሱ ይጽፋል? ሽማግሌ ይልካል እንጂ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ማስታወቅ ካስፈለገውም፣ ለዚያም ሽማግሌ ይልካል። «ቢበዛ ግማሽ ሰዓት» የሚለውን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፤ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ከዚያ በላይ ወረፋ እጠብቃለሁ። ስለ አውራ ጣቱ አልጽፍም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሰብሪና፣ የማዕከላችን የመረጃ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለችኝ። አሳየኋት። አንብባ ሳቀች። «ታድለው! እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ቀድሞ አሳወቀዎት እኮ።» ይህች ልጅ ቁጥር ታውቃለች፤ ሌላ የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ማታ ለባለቤቴ ለፀሐይቱ አነበብኩላት። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም።

«ታዲያ ጣቱን ላክለት።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ከጥምቀት ጀምሮ።»

«ለእኔ የማይነገረኝ ለምንድን ነው?»

«ልጅቷ ልትነግርህ ሦስት ጊዜ ጀመረች። ሦስቱንም ጊዜ አነጋገሯን አረምክና ተወችው።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጣቱ ተልኳል። እኔ አልላክሁም። ገላዬን ስታጠብ ፀሐይቱ ስልኬን ወስዳ ላከችው። ልጁም ወዲያው መለሰ። ቀይ ልብ። ለእኔ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጥያቄው ትልቅ ነው፤ እንደ ተመራማሪ ልይዘው ይገባል። የሰው ልጅ በእውነት ወደፊት እየሄደ ነው? አያቴ ከምንጃር ናዝሬት ለመድረስ ሁለት ቀን በእግሩ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ነው። አያቴ ግን በሁለቱ ቀን ውስጥ ያገኘውን ሰው ሁሉ ከነልጆቹ፣ ከነከብቱ ጤና ይጠይቅ ነበር። እኛ በአንድ ሰዓቱ ውስጥ ጎናችን የተቀመጠውን ሰው ፊት አናየውም። ያተረፍነውን ጊዜ ምን አደረግንበት? እኔ አውቃለሁ። አውራ ጣት እየላክንበት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እቆጥራለሁ። በሚኒባስ፣ በባንክ፣ በመሥሪያ ቤት፣ ታላቅ ሰው ሲገባ ስንት ሰው ይነሣል? ታላቅ ሰው ማለት ለጊዜው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ቀን ውጤት፦ አሥራ አንድ ጊዜ ገባሁ፤ አንድ ሰው ተነሣ። እሱም ወራጅ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መጡ። ሄዱ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ማለዳ ተነሥቼ ወንበሮቹን በሙሉ ወደ መኝታ ቤት አስገባሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል እንጂ ቀድሞ አይቀመጥም። በዚህ ዘመን ወንበር አይቶ የማይቀመጥ ሰው ስለሌለ፣ ፈተናውን ከፊታቸው ማንሳት ደግነት መሰለኝ። ፀሐይቱ «ቤት ልንለቅ መሰልን» አለች። ከእኔ ወገን እንዲቆም ጎረቤቴን ጂብሪልን ጠርቼው ነበር። ጂብሪል ፋርማሲ አለው፤ የሁሩታ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተን ኖረናል።

ልክ በሦስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። አንድ ደቂቃ አላሳለፉም። ትንሽ አናደደኝ፤ ስለ ሰዓት አለማክበር የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር።

መሪያቸው አቶ ኡርጌሳ የልጁ አጎት ናቸው። ሰባን ያለፉ፣ ሁሩታ ስንዴ የሚያርሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሰው። ሁለተኛው የልጁ አለቃ፣ የመስኖ መሐንዲስ ነው። ሦስተኛው አንድ ዝምተኛ ሰው፤ ስሙን ነግሮን ነበር። አቶ ኡርጌሳ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ ብለው ጀመሩና የእኔን ጤና፣ የቤቴን ጤና፣ የጂብሪልን ጤና፣ የመልካሳን ቦሎቄ ጤና ሳይቀር ጠየቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ረጋ ብለው፣

«የመጣነው ከሩቅ ነው። መንገዳችን ላይ ብዙ ቤት ነበር፤ የመረጥነው የእርስዎን ነው። ልጃችን ቀልቤሳ ልጅ እንዲሆንዎት፣ ልጅዎ ዘመናይም ልጅ እንድትሆነን ልንለምን ቆመናል» አሉ።

የማርመው ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። መሐንዲሱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። እሱን መዝግቤአለሁ።

ተራው የእኔ ሆነ። በ1986 የፀሐይቱ አባት፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፎርማን የነበሩት፣ ለእኔ ሽማግሌዎች የተናገሩትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሱኑ ተናገርኩ፦

«የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ማድ ቤት ውስጥ ክዳን ወደቀ።

ወጉ እንዲህ ነው። የሴት አባት መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ ቀጠሮ ይጠይቃሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። የእኔ ሽማግሌዎች በወንጂ ፀሐይ እደጅ ቆመው ሦስት ጊዜ ነው የተመላለሱት። ልጄ በአንድ ጊዜ፣ በግማሽ ሰዓት፣ እንደ ጋዝ ሲሊንደር ተጭና አትሄድም።

አቶ ኡርጌሳ ትክ ብለው አዩኝ።

«ይህ ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«ሰምተናል። ቤትዎ ይባረክ።»

ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። ቀጠሮ አልጠየቁም። ጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

ጂብሪል በሩን በሩን እያየ፣ «ገብረወልድ፣ ምን አደረግህ?» አለኝ።

«ለወጉ ያህል እምቢ አልኩ።»

«እነሱ ለወጉ መሆኑን ያውቃሉ?»

«ወግ የማያውቅ ሽማግሌ አለ?»

ጂብሪል የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ። አልነበረም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዘመናይ ከክፍሏ አልወጣችም። በበሩ በኩል ሆኜ አሠራሩን አስረዳኋት፤ የመጀመሪያው ዙር፣ ሁለተኛው ዙር፣ ሦስተኛው ዙር። ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ቅደም ተከተል ይገባታል ብዬ ነው።

«አባዬ፣ ይህንን ለእነሱ ነገርካቸው?»

«ወግ አይነገርም፤ ይታወቃል።»

ቁርሷን እናቷ አስገባችላት። እኔ ያስገባሁላት ሻይ በር ላይ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሳምንት ሞላ። ሁለተኛው ዙር ዛሬ መሆን አለበት፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ተላጨሁ። ወንበሮቹን አወጣሁ፤ በሁለተኛው ዙር መቀመጥ ይፈቀዳል። ፀሐይቱ ዶሮ ሠራች፤ «ለማን እንደሆነ አላውቅም» እያለች። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

በአራት ሰዓት ተንኳኳ። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ በሩን በሁለት እጄ ከፍቼ፣ «ይግቡ፣ ይግቡ!» አልኩ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ይግቡ ካልኩት በኋላ ይውጡ ማለት ነውር ስለሆነ ከላይ አስቀመጥኩት። ዶሮው ቀረበ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰብስቦ፣

«ጌታዬ፣ ቆጣሪው ላይ ያደረጉት ነገር ካለ አሁኑኑ ቢነግሩኝ ይሻላል» አለኝ።

ሲሄድ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቆጠራው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሌላ ማንም አልመጣም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። በጾም ሽማግሌ አይላክም፤ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን አክብረው ነው የቀሩት። ይህንን ለፀሐይቱ ነገርኳት። «ጾሙ የገባው ዛሬ ነው፤ የቀሩት ቅዳሜ ነው» አለች።

ስለ ልጁ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በጥር ቤታችን መጥቶ ነበር፤ ዘመናይ «የሥራ ባልደረባ» ብላ አስተዋወቀችው። ኬሚስትሪና መስኖ ምን እንደሚያገናኛቸው አልጠየቅሁም። የዚያን ቀን ስለ ቦሎቄ ዝገት በሽታ አጫወትኩት። ሃምሳ ደቂቃ። አላቋረጠኝም፤ ስልኩን አላየም፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ይህ ከቆጠራው በፊት ስለሆነ አይመዘገብም።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ ሚኒባስ ያዝኩ። ገብቼ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ቀልቤሳ! ወዲያው ተነሣ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ።» በዚያ ሁኔታ ከእሱ ወንበር ብቀበል ለጉዳዩ መልስ የሰጠሁ ይመስልብኛል። «እቆማለሁ» አልኩ። እሱም እኔ ቆሜ ሊቀመጥ አልወደደም። ሁለታችንም የሚኒባሱን ጣሪያ በጀርባችን ደግፈን፣ ጎብጠን፣ ባዶውን ወንበር መሃላችን አድርገን ቆምን።

ረዳቱ ጮኸ። «ከሁለት አንዳችሁ ተቀመጡ እንጂ! ትራፊክ ቢያይ የምቀጣው እኔ ነኝ!»

«እሳቸው ይቀመጡ» አለ ቀልቤሳ።

«እሱ ይቀመጥ» አልኩ።

ቀጥሎ ቲማቲም በፌስታል የያዘች ሴትዮ ገባች። ወንበሩን አየች፣ እኛን አየች። «እናንተ ተከባበሩ፤ እኔ ልቀመጥ» ብላ ተቀመጠች።

ፍራንኮ ድረስ እንደጎበጥን ተጓዝን። ስወርድ ወገቤን ያዘኝ። ልጁ ክስት ብሏል። መዝገቡ ላይ «አንድ የተነሣ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ስም አልጠቀስኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሰብሪና መዝገቤን በሰርቪስ ውስጥ ተቀብላኝ አየችው። መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ገብቻለሁ፤ የተነሡት ዘጠኝ ናቸው።

«ጋሼ፣ ናሙናው ትንሽ ነው፤ እሱ ይቅር። ግን እርስዎ ሲገቡ ስንት ሰው ተነሣ የሚለው አለ። ሌላ ሰው ሲገባ እርስዎ ስንት ጊዜ ተነሡ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ተመልካች ራሱን አይቆጥርም።»

«ለምን?»

ሰርቪሱ ደረሰ። ብዙ ሥራ ነበረኝ።

አሁን ቤት ገብቼ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። እትዬ ቡዜ፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ከእኔ አምስት ዓመት ይበልጣሉ። ዛሬ ሰርቪሱ ሞልቶ ቆመው ነበር። የተነሣችላቸው ሰብሪና ናት። እኔ መዝገቡን ይዤ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ጂብሪል ለዘመድ ጉዳይ ሁሩታ ሄዶ ነበር። ማታ በአጥሩ ላይ ጠራኝ።

«ሽማግሌህን አገኘኋቸው።»

«አዎ? መቼ እንመለሳለን አሉ?»

«አይመለሱም።»

ጂብሪል ቀጠለ። «'ሰውዬው የተማሩ ናቸው፤ ቃልዎ ነው ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ቃሌ ነው ብለውኛል። እምቢ ያለን ሰው በር ደግሞ ማንኳኳት መድፈር ነው። አባቴ እንዲህ አላስተማረኝም። ሐሳባቸውን ከለወጡ ይላኩብኝ፤ ያኔ ባርኔጣዬን ይዤ እሮጣለሁ' አሉኝ።»

«የሴት አባት ልኮ ያውቃል? እኔ ልላክ?»

«አንተ እሳቸውን ትጠብቃለህ፤ እሳቸው አንተን ያከብራሉ። ልጆቹ ያረጃሉ። በል፣ ደህና እደር።»

ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ሰው ሁሩታ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በጣም አስቸገረኝ። ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ተመልሰው ይመጡ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ሰው ሲያወራ ማድመጥ ነውር ነው። ያደመጥኩት ግን መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ነው፤ መስኮቱ ሥር የነበርኩትም ሎሚውን ሳጠጣ ነው። ሎሚው ከትናንት ወዲያ ጠጥቷል።

ዘመናይ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ነበረች። ቀልቤሳ ከግንቦት 1 ጀምሮ ጎዴ ተመድቧል። ማዘጋጃ ቤት ሰኞ ሚያዝያ 20 ይፈርማሉ፤ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ከዚያ አብራው ትሄዳለች። ጓደኛዋ የጠየቀቻትን አልሰማሁም። መልሱን ሰማሁ፦

«አይ፣ ለአባዬ አልነግረውም። መጥቶ ሰልፍ ያርማል።»

ሰልፍ ማረም ነውር ሆነ እንዴ? ሰልፍ ካልታረመ ማን ምን ያገኛል?

ሚያዝያ 20 የሥራ ቀን ነው። ያልተጠቀምኩበት የሃያ ስምንት ቀን ፈቃድ አለኝ። ምስክርም መሆን እችላለሁ፤ የታደሰ መታወቂያ አለኝ። የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

የዘመናይን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ ሲከፈት ይጮህ ነበር። አሁን ስትገባና ስትወጣ አይሰማኝም። መቀባት አልነበረብኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ካርቶን። አንዱ ላይ «መጽሐፍ» ተብሎ ተጽፏል፤ በእጅ ጽሑፏ። ሌላው ክፍት ነበር። የልጅነት ፎቶዋ ከላይ አለ፤ እኔና እሷ መልካሳ ማሳ ውስጥ፣ ቦሎቄው ከቁመቷ በልጦ። ክዳኑን መለስኩት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5 (ሆሣዕና)

ፀሐይቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የዘንባባ ቀለበት ጠምጥማ ጣቴ ላይ አደረገችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ዙር የሚለውን ነገር ጀመርኩላት፤ የአባቷን ነገር፣ የወንጂን ፀሐይ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«የአባቴ የመጀመሪያው እምቢታ እኮ ወግ አልነበረም» አለች።

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እምቢታ። 'ይህ ልጅ ቤቴ ሲገባ የግድግዳዬን ቀለም ነው ያየው፤ እኔን አላየኝም' አለ። ሁለተኛውም የእውነቱን ነው።»

«ሽማግሌዎቼ ለምን ተመለሱ?»

«እናቴ ሰው ልካባቸው ነዋ! 'ተመልሳችሁ ኑ፣ እኔ አለሳልሰዋለሁ' ብላ። እናቴን የላክኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሁለተኛው በኋላ እኮ ካንተ ሽማግሌዎች አንዱ 'በቃን፣ ሌላ ይፈልግ' ብሎ ነበር።»

«ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ደብቀሽኝ?»

«ስታወራው ደስ ይልህ ነበር።»

ምን ልበል? ግድግዳው እኮ በእርግጥ ሁለት ዓይነት ቀለም ነበር፤ አረንጓዴው ከሰማያዊው ጋር አይሄድም።

ሰው ወደፊት ሄዷል ወይስ ወደኋላ ብዬ ሁለት ወር ቆጠርኩ፤ መነሻ ያደረግሁት ያንን የወንጂ በር ነው። ያ በር የተከፈተው በሽማግሌዎቼ ትዕግሥት አልነበረም። ሁለት ሴቶች ጓዳ ለጓዳ ተላልከው ነው የከፈቱት። በ1986 ቴሌግራም ቢኖር አማቴ አንድ አውራ ጣት ልከው ይገላገሉ ነበር።

«ታዲያ አንቺ አሁን ለምን አትልኪባቸውም?» አልኳት።

ተነሣች። «ያኔ ያንተን ሽማግሌዎች አስመልሻለሁ። የአሁኑን አንተ ላክ።»

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ሰላምታ የለም፣ መጨባበጥ የለም። ቆጠራው ቆሟል። ከዘመናይ ጋር ኮሪደር ላይ ተላለፍን። ሰላም አላለችኝም። ለሕማማቱ ይሁን ለእኔ አልጠየቅሁም።

ሰርቪስ ውስጥ ለእትዬ ቡዜ ተነሣሁ። «ውይ፣ የት ሊወርዱ ነው?» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10 (ስቅለት)

ከጠዋት ጀምሮ ሰገድኩ። ሁለት መቶ አርባ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። በሕይወቴ ቁጥር ሲጠፋብኝ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ የሚሰግዱ አንድ አባት ጉልበታቸው አልነሣ ሲላቸው ደግፌ አነሣኋቸው፤ ከዚያ እኔን የሚያነሣኝ ጠፋ። መሬት ላይ እንዳለሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ለፈጣሪዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ያልኩ ሰው፣ ለአንድ የሁሩታ ገበሬ አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት እንዴት ሁለት ወር ፈጀብኝ?

ቤት ስገባ ካርቶኖቹ ሦስት ሆነዋል። ቀጥ ብዬ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ጂብሪል፣ የሰውዬውን ቁጥር ስጠኝ። ቴሌግራም አላቸው?»

«የስንዴ ዋጋ በምን የሚከታተሉ መሰለህ?»

አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ አጠፋሁ። የመጀመሪያው አራት ገጽ ነበር፤ ስለ ሥልጣኔ መግቢያ ነበረው። ስድስተኛውን ፀሐይቱ አነበበችው፤ አንድ ቃል እንኳ አልሰረዘችም። ከዚያ የዘመናይን በር አንኳኳሁ፤ ለእሷም አሳየኋት። ቆማ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። «አባዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፊደል ተሳስተሃል» አለችኝ። አረመችው። እኔ የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህም ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።

«ለአቶ ኡርጌሳ፣ ሁሩታ።

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታዬን ለፋሲካ አቆይቼዋለሁ፤ የተረሳ አይምሰልዎት።

የካቲት 8 ቀን በቤቴ ቆመው የተናገሩትን አስታውሳለሁ። የሚታረም ነገር አልነበረበትም። የእኔ መልስ ግን ነበረበት። የምሰጠው ልጅ የለኝም ያልኩት ለወጉ ያህል ነበር፤ ለወጉ መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎ ቃሌን አክብረው ሄዱ፤ እኔ ደግሞ በር በሩን ሳይ ጾሙ አለቀ። ወንበርም ነበረን። መኝታ ቤት ደብቄው ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጃችሁ ቀልቤሳ ስለ ቦሎቄ ዝገት ሃምሳ ደቂቃ አዳምጦኛል። ይህን ያደረገ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ከቤቴም ጭምር።

ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት እንድትመጡልኝ እለምናለሁ። ወንበሮቹ በቦታቸው ይሆናሉ። መሐንዲሱም ይምጣ፤ ሰዓቱን ማየት ይችላል። ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት የሚፈርሙት ሰኞ ሚያዝያ 20 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ቀን ለእኔ አይሆነኝም። እኔም ከምስክሮቹ አንዱ መሆን እፈልጋለሁ። ሰልፉን አልነካም።

ስለዚህ መምጣት አለመምጣትዎን እስከ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 2017፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በጥብቅ እጠይቃለሁ። መጻፉ ካስቸገረዎት አውራ ጣት ይበቃል።

ገብሬ»